ቶሮንቶ ታሸንፋለች ብዬ ነበር

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሽማግሌ ተፈርዶብኝ ነው። ቀልድ አይደለም። በኔታንያ ገበያ፣ ቡና ከሚፈላበት አንድ ሱቅ በር ላይ አራት አባቶች ተቀምጠው ጉዳዬን ሰሙ፣ ተከራከሩ፣ ከዚያም ሁለት ነገር ወሰኑብኝ። አንደኛው የገንዘብ ነው፣ እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ሁለተኛው «ለእሱ በጆሮው የነገርሽውን አሁን አስተካክለሽ ለሁሉም በአማርኛ ጻፊው» የሚል ነው። የኔ አማርኛ እዚሁ አገር የተወለደ አማርኛ ስለሆነ፣ የሚያስቅ ነገር ካገኛችሁበት ሳቁ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 2025 ጠዋት ነው። ሐሙስ ሹኩ ለሰንበት መሙላት ይጀምራል። ዓሣ ሻጮቹ በረዶ ይደፋሉ፣ ቲማቲም ሻጩ ዋጋውን በዕብራይስጥ ይጮሃል፣ በእኛዎቹ ሱቆች ደግሞ እንጀራው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይደረደራል፣ በርበሬውና ሽሮው ገና ከሩቅ ይሸታል። እኔ ለእናቴ እንጀራ ልገዛ ነበር የሄድኩት። ከሱቁ በር አጠገብ ከተቀመጡት አባቶች አንዱ ጠሩኝ። የወገራ ሰው ናቸው፣ ዕድሜያቸው ከ80 ያልፋል። ስማቸውን እንዳላወጣ ቃል ስላስገቡኝ «አባባ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

«ነይ እስቲ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይኼ አሜሪካኖች በዱላ የሚመቱት ኳስ፣ ማን ነው የሚበላው?»

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ኋላ ሲያብራሩልኝ የእህታቸው የልጅ ልጅ ቶሮንቶ ይኖራል። በየሳምንቱ ሲደውል ስለ ሌላ ነገር ማውራት ትቷል፣ ወሬው ሁሉ የከተማው የቤዝቦል ቡድን ሆኗል። ቡድኑ ብሉ ጄይስ ይባላል፣ ሰማያዊ ወፎች እንደማለት ነው። ከ1993 ወዲህ ዋንጫ አላነሳም። አሁን ከሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ጋር ለሻምፒዮናው እየተጫወተ ነው፣ ያን ዕለት ሌሊት ደግሞ 6 ለ 1 አሸንፎ አድሯል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስታቲስቲክስ የሚባል ኮርስ ወስጃለሁ። ብዙ አልወደድኩትም፣ ግን የተወሰነ ነገር ራሴ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ ደስ ብሎኝ ማስላት ጀመርኩ። ሻምፒዮናው የሰባት ጨዋታ ነው፣ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ቶሮንቶ ሦስት አሸንፋለች፣ ሎስ አንጀለስ ሁለት። የቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ናቸው። ቶሮንቶ ከሁለቱ አንዱን ካሸነፈች አበቃ። ሎስ አንጀለስ ግን ሁለቱንም ማሸነፍ አለባት።

«አባባ፣ በልጅነትዎ ሳንቲም ወርውረው ዘውድ ወይስ ጎፈር ብለው ያውቃሉ?» አልኳቸው። ያውቃሉ። «እንግዲህ ሁለት ጊዜ ቢወረውሩት አራት ዓይነት ነገር ሊሆን ይችላል። ዘውድና ዘውድ፣ ዘውድና ጎፈር፣ ጎፈርና ዘውድ፣ ጎፈርና ጎፈር። ሎስ አንጀለስ የምትበላው ሁለቴም ጎፈር ከወጣ ብቻ ነው። ከአራቱ አንዱ ማለት ነው። ሦስቱ የቶሮንቶ ነው።»

«እንግዲያ ቶሮንቶ ናታ» አሉ።

እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ «አዎ፣ ቶሮንቶ ታሸንፋለች» አልኩ። እንጀራዬን ይዤ ሄድኩ።

አንድ ነገር አልጠየቅኋቸውም፤ ለምን እንደሚፈልጉት። ማክሰኞ 28 ነበር። በየወሩ በ28 ከቢቱዋህ ሌኡሚ የእርጅና አበል እንደሚገባ እናንተ ከኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። አባባ ከዚያ ላይ 200 ሼቄል ለይተው አስቀምጠው ነበር፣ ለስግድ። ስግድ ዘንድሮ ኖቬምበር 20 ላይ ነበር የሚውለው። ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ለልጅ ልጆቻቸው የሚሰጡትና ለራሳቸው አዲስ ነጠላ የሚገዙበት ገንዘብ ነበር። ዓርብ ጠዋት ሰንበት ሳይገባ ያን 200 ሼቄል ይዘው ወደ ኪዮስክ ሄዱና በቶሮንቶ ላይ ዊነር ሞሉ። ቶሮንቶ ዋንጫውን ከወሰደች ወደ 300 የሚጠጋ ይመለሳል ተባሉ።

ጨዋታውን የማያውቅ አንባቢ ካለ ባጭሩ ልንገር። ገናን ያያችሁ ሰዎች አትቸገሩም፣ ዱላና ኳስ ነው። ግን በገና ሁሉም በአንድ ላይ ሜዳ ላይ ይተራመሳል፣ እዚህ ግን ተራ አለ። አንድ ሰው ኳሱን ይወረውራል፣ ከሌላው ቡድን አንድ ሰው በዱላ ሊመታው ይሞክራል። ከመታው ይሮጣል፣ አራት ማዕዘኖችን ዞሮ ከተመለሰ አንድ ነጥብ ነው። ኳሱን ሜዳው አልፎ አጥር ካሻገረው ደግሞ ሆም ረን ይባላል፣ ያለ ችኮላ ዞሮ ይገባል። ሦስት መቺዎች ሲወጡ ተራው ለሌላው ቡድን ይሆናል። ዘጠኝ ዙር ነው፣ እኩል ከሆኑ ይቀጥላል። ሰዓት የለውም። በዚሁ ሻምፒዮና ሦስተኛው ጨዋታ 18 ዙር ሄዶ ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ነው የፈጀው። ይህን ለአባባ ስነግራቸው «እኛ አገር በዚህ ጊዜ አንድ ጥማድ መሬት ይታረሳል» አሉኝ።

ልብ በሉ፣ ከሁሉም በላይ ጨዋታውን የሚይዘው ወርዋሪው ነው። እግር ኳስ ላይ አንድ ጎበዝ አጥቂ ቢኖር ኳስ ካልደረሰው ምንም አያደርግም። ቤዝቦል ላይ ግን እያንዳንዱ ነገር ከወርዋሪው እጅ ይጀምራል። ወርዋሪ ደግሞ ክንዱ ስለሚደክም በየቀኑ አይወረውርም፣ በተራ ነው። ስለዚህ አንድ ቡድን ዛሬና ነገ አንድ ዓይነት ቡድን አይደለም። ይህን እኔ ሐሙስ ዕለት አላሰብኩትም።

ስድስተኛው ጨዋታ በአሜሪካ ዓርብ ማታ፣ በእኛ አቆጣጠር ቅዳሜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት (ልጆቻችሁ 2 ሰዓት የሚሉት) ላይ ነበር። ሰንበት ስለሆነ አባባ አላዩም፣ ስልክም አልነኩም። ሎስ አንጀለስ 3 ለ 1 አሸነፈች። የወረወረው ዮሺኖቡ ያማሞቶ የሚባል ጃፓናዊ ነው። ይህ ሰው ሁለተኛውን ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን ወርውሮ አሸንፎ ነበር። ስድስተኛው ላይ የእሱ ተራ እንደሚሆን ስፖርት የሚከታተል ሁሉ ቀድሞ ያውቅ ነበር። እኔ ሳንቲም ስቆጥር ሳንቲሙ አንድ ጎኑ የከበደ መሆኑን አላየሁም።

ሰንበት ሲወጣ አባባ ውጤቱን ሰሙ። ሰባተኛው ጨዋታ እሑድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጀመረ። እንቅልፍ አልያዛቸውም፣ የልጅ ልጃቸውን ቀስቅሰው በስልክ አብረው አዩ። እኔም ቤቴ ሆኜ አየሁ፣ ምክንያቱም ቅዳሜ ማታ ያ ልጅ «አያቴን ምን አልሽው?» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ስለ 200 ሼቄሉ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ቶሮንቶ 3 ለ 0 መራች። ከዚያ 4 ለ 2። ከዚያ 4 ለ 3። ዘጠነኛው ዙር ላይ ቶሮንቶ ሻምፒዮን ለመሆን ሁለት መቺ ብቻ ማስወጣት ቀርቷት ነበር። ተራው የደረሰው ሚጌል ሮሃስ ነው፣ በሆም ረን የሚታወቅ ሰው አይደለም። ኳሱን ከአጥሩ ወዲያ ጣለው፣ 4 ለ 4። በ11ኛው ዙር ዊል ስሚዝ ደገመው፣ 5 ለ 4። እና ማን ሊጨርሰው ቢመጣ ጥሩ ነው? ያው ያማሞቶ፣ ትናንት ማታ የወረወረው ሰው፣ ሳያርፍ። ቶሮንቶ የመጨረሻ ዕድሏ ላይ እኩል የሚያደርጋትን ሰው እስከ ሦስተኛው ማዕዘን አድርሳ ነበር። አንድ ምት ሁለት ሰው አስወጣና አለቀ። ሰዓቱ በእኛ ከጠዋቱ 12 አለፍ ብሎ ነበር። ሹኩ ላይ የአትክልት መኪኖች መግባት ጀምረዋል።

ኋላ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። በሰባቱ ጨዋታ ቶሮንቶ 34 ነጥብ አስቆጠረች፣ ሎስ አንጀለስ 26። ብዙ ያስቆጠረው ተሸነፈ፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ቀን 11 ለ 4 ማሸነፍና የመጨረሻው ቀን 5 ለ 4 መሸነፍ እኩል አንድ አንድ ነው የሚቆጠረው።

እሑድ ረፋድ ላይ ገበያ ሄድኩ። መደበቅ ይቻል ነበር፣ ግን እናቴ በዚያ ሱቅ ነው እንጀራ የምትገዛው። አባባ ተቀምጠዋል፣ ቡናው ቀርቧል፣ ሦስት ጓደኞቻቸውም አሉ። ተቆጥተው ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልተቆጡም፣ ያ ደግሞ ባሰብኝ። ዝም ብለው ቆይተው «ሸጠውት ይሆን?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ የሚያስቅ አይደለም። ቤዝቦል ላይ ይህ ደርሷል። በ1919 በዚሁ ሻምፒዮና የቺካጎ ኋይት ሶክስ ተጫዋቾች ከቁማርተኞች ገንዘብ ተቀብለው ለሲንሲናቲ ቡድን ሆን ብለው ተሸንፈዋል ተባለ። ፍርድ ቤት ነጻ ቢያወጣቸውም ስምንት ተጫዋቾች ዕድሜ ልካቸውን ከጨዋታው ታገዱ። ያን ጊዜ ገንዘቡን በቺካጎ ላይ ያስያዘው ሰው ስንት ስሌት ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል? ዘንድሮ ግን እንደዚያ የሚባል ነገር የለም አልኳቸው፣ ሁለቱም ጥሩ ስለሆኑ ነው እንዲህ የሆነው።

አንደኛው አባት፣ ብዙ የማይናገሩት፣ «ስንት ጊዜ ነው ጎበዙ የሚሸነፈው?» ብለው ጠየቁ። ከጥያቄዎች ሁሉ ጥሩው እሱ ነበር።

ብዙ ጊዜ ነው። በ1906 የቺካጎ ካብስ የሚባለው ቡድን 116 ጨዋታ አሸንፎ 36 ብቻ ተሸንፎ ለሻምፒዮና ደረሰ፣ ከዚያ በዚያው ከተማ ቡድን በኋይት ሶክስ 4 ለ 2 ተሸነፈ። በ2001 ሲያትል 116 ጨዋታ አሸነፈ፣ ለመጨረሻው ፍልሚያ እንኳ ሳይደርስ ኒውዮርክ መንገድ ላይ አስቀረው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቤዝቦል ላይ በጣም ጎበዝ የሚባለው ቡድን ከአሥር ጨዋታ ስድስቱን የሚያሸንፍ ነው። አራቱን ይሸነፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቡድን በየጨዋታው ከአሥር ስድስት ዕድል ይዞ ወደ ሰባት ጨዋታ ፍልሚያ ቢገባ፣ ዋንጫውን የሚወስደው ከመቶ 71 ጊዜ ነው። ከመቶ 29 ጊዜ ደካማው ይወስድበታል። ሰባት ጨዋታ ጎበዙን ለመለየት በጣም ጥቂት ነው። አንድ በሬ ጎበዝ መሆኑን በሰባት ትልም ብቻ ታውቃላችሁ?

ይህን ስል አባባ ቀና አሉ። «በሬ ከሆነማ ሳይጠመድም አውቃለሁ» አሉ። «ጥርሱን አይቼ፣ ሻኛውን አይቼ፣ አረማመዱን አይቼ። አንድም ቀን ገበያ ላይ በበሬ ተታልዬ አላውቅም።»

እውነታቸውን ነው፣ እኔም አምናቸዋለሁ። ለዚህ ነው ዊነር ላይ የሚታለሉት ብዬ የማስበው። የበሬ ገበያ ላይ እሳቸው ያዩትን ሻጩ ላያየው ይችላል። ወይም ሻጩ ገንዘብ ቸግሮት ሊሆን ይችላል። ብልሃት ዋጋ አላት። የዊነር ወረቀት ላይ ግን ዋጋውን የሚያወጡት ሰዎች ሥራቸው እሱ ብቻ ነው። ማን እንደሚወረውር፣ ማን ክንዱን እንደታመመ፣ ሜዳው የማን እንደሆነ ሁሉ ቆጥረው ነው ቁጥሩን የሚጽፉት። እኔ ሳንቲሜን ቆጥሬ ቶሮንቶ 75 ከመቶ ናት አልኩ። ወረቀቱ ላይ የነበረው ዋጋ ግን፣ ለ200 ወደ 300 የሚመልሰው፣ ከሦስት ሁለት ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ዕድል ነው የሚሰጣት። ያማሞቶን ቆጥረውት ነበር ማለት ነው። ዋጋውን ብቻ አይቼ ቢሆን ኖሮ ስሌቴ የሆነ ነገር እንደጎደለው ይገባኝ ነበር።

በዚያ ላይ ቤቱ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሁለት ቡድኖች ፍጹም እኩል ናቸው እንበል። ትክክለኛው ዋጋ ቢሆን 100 ሼቄል ያስያዘ ሲያሸንፍ 200 ሊመለስለት ይገባል። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለት አይጻፍም፣ ለምሳሌ 1.85 ይጻፋል። አንዱ አባት በአንዱ ቡድን 100፣ ሌላው አባት በሌላው ቡድን 100 ቢያስይዙ፣ 200 ገብቶ 185 ይወጣል። 15ቱ ማን እንዳሸነፈ አይጠይቅም። ይህ ሌብነት አይደለም፣ በ1967 ከወጣው ሕግ ወዲህ መንግሥት የሚያውቀው፣ ትርፉም ለስፖርት የሚሄድ ነገር ነው። ግን በየሳምንቱ የሚሞላ ሰው በየሳምንቱ ያን 15 እየከፈለ ነው።

የቶቶው ወረቀት ደግሞ የባሰ ነው። 16 ጨዋታ፣ እያንዳንዱ ላይ 1 ወይም ኤክስ ወይም 2። ቀላል ይመስላል። ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ብትቆጥሩት 43,046,721 ዓይነት አሞላል አለው። አንዱ ብቻ ነው ሙሉ በሙሉ ትክክል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ አባባም እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ለምን እንደሚሞሉት ጠየቅኋቸው። ገንዘብ ለማግኘት ነው የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። «ይህ አገር ከሰጠኝ ወረቀት ሁሉ ብቻዬን የምሞላው እሱን ነው» አሉኝ። ከኩፓት ሆሊም የሚመጣውን ደብዳቤ የልጅ ልጅ ያነብላቸዋል። የአርኖናውን ልጃቸው ይከፍላል። የባንኩን ምራታቸው ታያለች። በ1984 በሱዳን አድርገው፣ በእግራቸው ስንት ቀን ተጉዘው የመጡ፣ አገራቸው ላይ ሰው በነገር ሲጣላ የሚጠሩ ሰው ናቸው። እዚህ 1፣ ኤክስ፣ 2 ብቻ ነው ያለ አስተርጓሚ የሚጽፉት። እኔ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ወሬውን ለማቅለል ብዬ ስለ ሎስ አንጀለስ አንድ ታሪክ ነገርኳቸው። በ1965 የዚሁ የዶጀርስ ትልቁ ወርዋሪ ሳንዲ ኮፋክስ የሚባል አይሁዳዊ ነበር። የሻምፒዮናው የመጀመሪያ ጨዋታ በአስተሰርዮ፣ በዮም ኪፑር ዕለት ዋለ። ኮፋክስ አልወረውርም አለ። ቡድኑ ያለ እሱ 8 ለ 2 ተሸነፈ። በማግስቱ ወረወረና እሱም ተሸነፈ። በአምስተኛው ጨዋታ ግን አንድ ነጥብ ሳያገባበት አሸነፈ፣ ሁለት ቀን ብቻ አርፎ በሰባተኛው ደገመው፣ 2 ለ 0። ዋንጫው የሎስ አንጀለስ ሆነ።

አባቶቹ ዝም አሉ። ከዚያ አንደኛው «ይህን ታውቂ ነበር?» አሉኝ። አውቅ ነበር። «እያወቅሽ ነው እንግዲህ በአስተሰርዮ ባልሠራ ሰው ቡድን ላይ ገንዘቡን ያስጣልሽው!» ሁሉም ሳቁ፣ አባባም ሳቁ። ስሌቴ ላይ ያልገባ ሌላ ነገር ማለት ነው።

ለኔታንያ ሰው ቤዝቦል ሩቅ ይመስለዋል፣ ግን ከተማችን ራሷ አንድ ጊዜ ቡድን ነበራት። በ2007 እዚህ አገር የቤዝቦል ሊግ ተቋቁሞ ነበር፣ ስድስት ቡድን፣ አንዱ «ኔታንያ ታይገርስ»፣ የኔታንያ ነብሮች። ጁን 24 ጀመረ፣ ኦገስት 19 አለቀ። ብታስታውሱት ይገርመኛል፣ ምክንያቱም ነብሮቹ ኔታንያ ውስጥ አልተጫወቱም። ስድስቱም ቡድን ሦስት ሜዳ ነበር የሚካፈሉት፣ ያርኮን፣ ጌዜርና ቴል አቪቭ። ጨዋታው ሰባት ዙር ብቻ ነበር፣ እኩል ከሆኑ ሆም ረን በመምታት ውድድር ይለያሉ። በውድድር ዓመቱ አንደኛ የወጣው የቤት ሼሜሽ ቡድን ነው፣ በመጨረሻም ሞዲኢንን 3 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። ያን ጊዜ «አንደኛው ያሸንፋል» ያለ ሰው ትክክል ነበር። ግን በሚቀጥለው ዓመት ማን እንደሚያሸንፍ የተናገረ ሁሉ ተሳስቷል፣ ሊጉ ለሁለተኛ ዓመት አልተመለሰም። (የሞዲኢን ቡድን ያን ዓመት ያንኑ ኮፋክስን፣ በ71 ዓመቱ፣ ለክብር ብሎ በተጫዋችነት መርጦት ነበር። አልመጣም።)

እግር ኳሱን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ማካቢ ኔታንያ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፣ የመጨረሻው በ1983። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ከመምጣታችሁ አንድና ሁለት ዓመት በፊት ማለት ነው። አርባ ዓመት አለፈ። በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ግን ሹኩ ውስጥ «ዘንድሮ የእኛ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም፣ ዓሣ ሻጩ ከነሱ አንዱ ነው።

ሽምግልናው የተጀመረው ራሴ በአፌ ነው። ቦርሳዬን ከፍቼ 200 ሼቄል አውጥቼ «አባባ፣ በኔ ቃል ነው የከሰሩት፣ ይቀበሉኝ» አልኩ። አባባ እጃቸውን ሰበሰቡ። «አንቺ አልወሰድሽብኝም» አሉ። እኔ ግድ አልኩ። እሳቸው እምቢ አሉ። ሲበዛ ጊዜ ያ ብዙ የማይናገሩት አባት ዱላቸውን መሬት ላይ አሳርፈው «ተቀመጡ፣ ይዳኝ» አሉ።

አንዱ አባት ቃል ቃል ነው አሉ፣ ታሸንፋለች ብለሽ ከመሰከርሽ ትከፍያለሽ። ሌላው አባት ጠንቋይ አይደለችም፣ የጠየቀ ሰው ራሱ ነው የሚሸከመው አሉ። አባባ፣ ገንዘቡ የሳቸው የሆነው፣ የኔ ጠበቃ ሆነው ተከራከሩ። «ነግራኛለች፣ አራት ነገር አለ ብላኛለች። እኔ ነኝ አንዱን የረሳሁት» አሉ። እንዲያውም ስለ ሲድኒ አነሱ። በ2000 ኃይሌና ፖል ቴርጋት አሥር ሺህ ሜትር ሲሮጡ ሁላችን ቴሌቪዥን ፊት ነበርን፣ አሉ፣ ኬንያዊው ሲቀድም አልቋል ብለን ነበር። ኃይሌ በ9 መቶኛ ሰከንድ ቀደመ። «ያን ቀን ቴርጋት በልቷል ያለ ሁሉ ካሳ ይክፈል?»

እኔ በበኩሌ ጥፋቴን ተናገርኩ። ስሌቱ ላይ ወርዋሪውን አልቆጠርኩም። ከዚያም የባሰው፣ ሦስት አራተኛ የሚለውን ነገር «አዎ፣ ታሸንፋለች» ብዬ ጨረስኩት። በዩኒቨርሲቲ እንዲህ ስንል ሁላችንም ሩቡ እንዳለ እናውቃለን፣ ሳንናገረው። ሹክ ላይ ለአንድ አባት ሲነገር ግን ሩቡ ይጠፋል። «የዘነበ ይመስላል» እና «ይዘንባል» ለአራሽ አንድ አይደሉም፣ አንዱን ሰምቶ ዘር ይዘራል።

ትንሽ ተንሾካሾኩ። ቡናው ሦስተኛው ደርሶ ነበር። ከዚያ ያ አባት ፍርዱን ተናገሩ።

«ሦስቱን ተናግረሻል። አንዱን ደብቀሻል። የደበቅሽውን ትከፍያለሽ።»

የ200 ሩብ 50 ሼቄል ነው። ለአባባ ሰጠኋቸው፣ በሽማግሌ ስለተፈረደ እምቢ ማለት አልቻሉም። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። በስግድ ቀን ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ላይ አገኘኋቸው፣ ቄሶቹ ጃንጥላ ሥር ሆነው ሲጸልዩ እሳቸው ከልጅ ልጆቻቸው መሃል ቆመው ነበር። ነጠላቸው ያምናው ነበር። ሰላም አልኳቸው፣ ባረኩኝ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው የፊታችን ቅዳሜ ማካቢ ኔታንያ ምን እንደሚሆን ጠየቁኝ።

«አላውቅም» አልኳቸው።

«ሙሉውን ነው ወይስ ሩቡን?» አሉ።